ደምለው ተኝቶ የሚያደርገው መነጽር

ደምለው መተማ ዮሐንስ ላይ የድንበር ጠባቂ ነበር። ከመኸር ጠባቂ ማማ የማይለይ የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጦ ከኮረብታው በታች ያለውን ደረቅ ወንዝና ከማዶ ያለውን የሱዳን ምድር ያያል። ያያል ማለት እንኳ ያስቸግራል። ከአሥር እርምጃ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዝበታል። ሰውን በአረማመዱና በድምፁ እየለየ ስድስት ዓመት ሠራ። የማያውቀውን "ቁም" ይላል፤ አንዳንዴ አህያም "ቁም" ይባላል። ጨዋ ሰው ስለሆነ ማንም ከሶት አያውቅም።

አንድ ጊዜ መነጽር ገዝቶ ነበር። አድርጎት ማማው ላይ ሳይወጣ ግን ማማ ላይ የሚወጣ ጠባቂ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳያደርግ የሚል መመሪያ ከላይ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ማሩ መመሪያን እንደ ጸሎት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። የደምለውን መነጽር፣ የእጅ ሰዓቱንና የቀበቶውን ዘለበት ሰብስበው ቢሮ ውስጥ ቆለፉበት።

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኢሳ የሚባል ሱዳናዊ የዓይን ባለሙያ ከገዳሪፍ እየተመላለሰ በገበያ ቀን መነጽር መሸጥ ጀመረ። ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ደምለው የመመሪያውን ነገር ሲነግረው ኢሳ አልሳቀም። ትንሽ አሰበና፣

"ተኝተህ የምታደርገው ቢሆንስ?" አለው።

"ተኝቼ ምን አያለሁ?"

"ተኝተህ አታይም። የዓይንህ ፊት ከልክ በላይ ጎበጥ ብሏል። እኔ የማመጣልህ የዓሣ ቅርፊት የምታክል ጠንካራ ነገር ናት። ስትተኛ ዓይንህ ላይ ትሆናለች፣ ቀስ ብላ ጠፍጠፍ ታደርገዋለች። ጠዋት ታወጣታለህ። ቀኑን ሙሉ ያለ መነጽር ታያለህ።"

"ከዚያ በኋላ ድኛለሁ ማለት ነው?"

"አልዳንክም። ከተውካት ዓይንህ በጥቂት ቀን ወደ ነበረበት ይመለሳል።"

ኢሳ ክብ ክብ መስመር ባለበት መሣሪያ ዓይኑን ለክቶ ሄደ። በሁለተኛው ወር ሁለቱን ቅርፊቶች በትንሽ ብልቃጥ ይዞ መጣ። እንዴት እንደሚታጠቡ ያሳየው ለደምለው ሳይሆን ለሚስቱ ለዙፋን ነበር። ዙፋን ከውኃ ቦኖው አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ እጇም አይንቀጠቀጥም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የደምለው ዓይን እንባ ብቻ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ማማው ላይ ወጥቶ ዞር ሲል ከታች ቦኖው ጋ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት እጇን ስታወዛውዝ አየ። ሚስቱ ናት። እሱም እጁን አነሣ። ዙፋን ባልዲዋን አስቀምጣ ቆመች።

ማታ፣ "በየቀኑ እጅሽን ታነሺልኛለሽ?" ሲላት፣

"ስድስት ዓመት። ኮርተህ የምትተወኝ ይመስለኝ ነበር" አለችው።



ጣጣው የመጣው በማግስቱ ነው። ደምለው በየቀኑ የሚሞላው የጥበቃ መዝገብ አለ። ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ "ማዶ፦ አንድ ወታደር። ቆሟል። አይንቀሳቀስም" እያለ ይጽፋል። በክረምት "በዝናብም አይንቀሳቀስም" ብሎ ይጨምራል። ጎንደር ያሉት አለቆች በዚህ ወታደር እጅግ ተጨንቀዋል። በእሱ ምክንያት ለቀበሌው ስድስት ሚሊሻ፣ አንድ መትረየስና በየወሩ ዱቄትና ስኳር ተጨምሯል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጠላት ይህን ያህል ጽናት ካለው የእኛ ጠባቂዎችስ ምን ይጠበቅባቸዋል የሚል ደብዳቤ ወርዶ በስብሰባ ተነቧል።

ያን ዕለት ደምለው ወደ ማዶ ሲያይ ወታደሩ ኩይሳ ሆኖ አገኘው። ሰው የሚያህል፣ ቀይ፣ አናቱ ላይ የዛገ ቆርቆሮ የተደፋበት የምስጥ ኩይሳ። መትረየሱ ሦስት ዓመት ሙሉ አፉን ወደ እሱ አዙሮ ተቀምጧል።

እንግዳው የሚባለውን የሚሊሻ አዛዥ ወደ ማማው ጠራው።

"ያ ምንድነው?"

"ኩይሳ" አለ እንግዳው።

"መቼ አወቅህ?"

"ከመጣሁ ጀምሮ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"መዝገቡ ወታደር ነው ይላል። እኔ የታዘዝኩት መዝገቡ ያለውን እንድጠብቅ ነው።"

ደምለው ውሸት መጻፍ አይችልም። እስከዚያ ድረስም የጻፈው የመሰለውን ነው። መዝገቡንና የቅርፊቶቹን ብልቃጥ ይዞ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጓድ ማሩ ረጋ ብለው ሰሙት፤ ብልቃጡንም ተቀብለው ወደ ብርሃን አንስተው አዩ።

"ይሄ የሚሠራው የት ነው?"

"ባሕር ማዶ ነው አሉኝ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ያመጣውስ?"

"ኢሳ፣ የገዳሪፉ።"

"እንግዲህ ከውጭ የመጣ ነገር የውጭን ወታደር ቢደብቅ ምን ይገርማል?"

"እንግዳውም ኩይሳ ነው ብሏል።"

"እንግዳው አንተን ካናገረ በኋላ ነው ያለው" አሉና ውሳኔያቸውን ጻፉ። ጓድ ደምለው ቅርፊቶቹን ለአሥር ቀን ሳያደርግ እንዲተኛና ዓይኑ ወደ ትክክለኛ ሁኔታው ሲመለስ እንደገና እንዲያይ።

ዓይኑ በትእዛዙ መሠረት ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን የዙፋን እጅ መነሣት አለመነሣቱ አጠራጠረው፤ በአምስተኛው ቢጫ ሻሿ ብቻ ቀረ። በአሥረኛው ቀን ጓድ ማሩ ራሳቸው ማማው ሥር መጥተው ቆሙ።

"ዛሬስ?"

"የቆመ ነገር አለ።"

"ሰው ነው?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ጻፍ" አሉት። ጻፈ፤ ግን "ሊሆን ይችላል" የምትለዋን ቃል አልተዋትም።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። የወታደሩን ሁኔታ በአካል የሚመረምር መኮንን ከጎንደር ይመጣል። ጓድ ማሩ ደብዳቤውን ይዘው የዙፋን ሻይ ቤት ገቡ፤ ሻይ አዘው ሳይቀምሱት ቀዘቀዘ።

"ዙፋን፣ አንቺ ብልህ ሴት ነሽ" አሉ በመጨረሻ። "መኮንኑ አይቶ ኩይሳ ቢመስለውስ?"

"ለምን አይሄድም?" አለች ዙፋን ብርጭቆ እያጠበች።

"ማን?"

"ወታደሩ ነዋ። ስድስት ዓመት የቆመ ሰው አይደክመውም?"

ጓድ ማሩ የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጠጡት። ከዚያ ደምለውን አስጠርተው ቅርፊቶቹን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያደርግ አዘዙት። ትእዛዙ በጽሑፍ ነበር፤ ማኅተምም አለው። ዙፋን ውኃ አፍልታ አጠበቻቸው። ከስድስት ቀን በኋላ ደምለው ማማው ላይ ወጥቶ አየና "ማዶ፦ ወታደር የለም" ብሎ ጻፈ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ልቡ ቀሎት የጻፈው ነገር የለም።

መኮንኑ መጣ፣ በትልቅ የጦር መነጽር ማዶን አየ፣ ወታደር አጣ፣ ደስ አለው። ጠላት ማፈግፈጉ በስብሰባ ተነገረ። ለመትረየሱ ተኳሾች ምስጋና፣ ለደምለው ደግሞ የምስክር ወረቀትና እድገት ተሰጠ። ስጋት ስለሌለ ግን ሚሊሻዎቹ፣ መትረየሱ፣ ዱቄቱና ስኳሩ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። ጓድ ማሩ ዙፋንን በዚያ ሰሞን ሰላም አላሏትም።

የደምለው እድገት በጎንደር መንገድ ላይ ያለው ሸሕዲ ኬላ ነበር፤ ዙፋንም አብራው ሄደች። ሥራው ከአውቶብስ የሚወርዱትን ሰዎች የይለፍ ወረቀት ማንበብ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ የወሎ የቀን ሠራተኛ ወረቀቱን ዘረጋለት። ደምለው አስጠጋው፤ ፊደሉ ጭጋግ ሆነ። ክንዱን እስኪያልቅ ዘርግቶም አልሆነለትም። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሩቅ የሚያይ ዓይን ቅርቡን ያጣል። ያ የድሮ ዓይኑ የጉንዳን እግር ይቆጥር ነበር፤ አዲሱ ኮረብታ ላይ ያለ ፍየል እየለየ አፍንጫው ሥር ያለውን ማኅተም አያነብም።

"አንብብልኝ" አለው ሠራተኛውን።

"እኔስ ማንበብ ብችል እዚህ ምን አመጣኝ ጋሼ?" አለ ሰውየው።

ያን ቀን አውቶብሱ ሁሉ ሳይመረመር አለፈ።

ማታ ዙፋን ብልቃጡን ከፍታ አንዷን ቅርፊት በጣቷ ጫፍ ይዛ አሰበች። "የቀኙን ብቻ አድርግ" አለችው። "ግራው እንደ ልማዱ ይሁን።"

ሳምንት ሳይሞላ በግራ ዓይኑ ወረቀት፣ በቀኙ መንገድ ማየት ጀመረ። መጀመሪያ ራሱን አዞረው፤ ደረጃ ሲወርድ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ከዚያ ለመደው። ኢሳ በቀጣዩ ወር ሸሕዲ ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ የዙፋንን እጅ ጨበጠና እኔ ይህን ለመማር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል አላት። የተረፈችውን ቅርፊት መልሼ ልውሰዳት ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ተዋት" አለች ዙፋን። "ጡረታ ሲወጣ የሚያነበው ወረቀት አይኖርም፤ ሁለቱንም ያደርጋል።"