ጨረቃ ስትሞላ ብቻ የሚመጣ ባል

ባሌ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ዓይኑን የማየው ጨረቃ ስትሞላ ብቻ ነው። ዓሣ በጨለማ የጀልባውን መብራት አይቶ ይሰበሰባል፤ ጨረቃዋ ስትደምቅ ግን ለመብራቱ ደንታ የለውም። ስለዚህ ወንዶቹ ያን ሰሞን አምስት ቀን ያህል ቤታቸው ያርፋሉ፤ ከዚያ እንደገና ባሕር ላይ ይከርማሉ።

ከተጋባን አሥር ወር ሆነን፤ ልጅ የለም። አማቴ ከእኛ በታች ባለው ክፍል ነው የሚኖሩት። ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነው። “ዛሬም ባዶ?” ይሉኛል፣ ዘንቢል የያዝኩ ይመስል። ሰሞኑን ደግሞ ባሌን “እስከ ዓመታችሁ ካልጸነሰች ሌላ አግባ” ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። እሱ ቀና ሳይል መረቡን መጠገኑን ቀጠለ። ከእሳቸው ይልቅ የከፋኝ በእሱ ነው።

በማግስቱ ሁለታችንም ተመረመርን፤ ውጤቱን ልሰማ ብቻዬን ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ የሁለታችንንም ምርመራ አይታ “ደህና ናችሁ” አለችኝ። “ባልሽ ቤት የሚሆነው መቼ መቼ ነው?” ስትለኝ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ሳቅ አለች።

“ያንቺ ዙር ሃያ ስምንት ቀን ነው፤ የጨረቃዋ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል። ልጅ ሊያዝ የሚችልባቸው ቀኖችሽ አሁን እሱ ከሄደ በኋላ ነው የሚመጡት። በየወሩ እየተጠጋችሁ ነው፤ እስክትገጣጠሙ ግን አራት አምስት ወር ይፈጃል። አንድ ጊዜ ቢቀርስ?”

የት አባቱ ይቀራል! ጀልባው ሰው ጎድሎት አይወጣም፤ የቀረ ሰው ቦታውን ያጣል። ካፒቴኑ የአማቴ ወንድም ነው፤ ለዘመድም አይራራም።

ደሜ ፈልቶ ቤት ደረስኩ። አማቴ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ። “እማማ፣ ሌላ ቢያገባም ያው ነው! ጥፋቱ የጨረቃዋ ነው!” ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይሰድቡኛል ስል ቢላዋውን አስቀመጡ።

“እኔንም ሦስት ዓመት መካን ብለውኛል” አሉ ቀስ ብለው። “ከዚያ አባትየው እግሩ ተሰብሮ ቤት ሲከርም ይሄን ልጅ ጸነስኩ። ጸሎቴ የተሰማልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እግሩ ኖሯል!”

ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በሽንኩርት እጃቸው ጠርገው ይባስ አለቀሱ። ወዲያው ተነሥተው ወንድማቸው ጋ ሄዱ። ካፒቴኑም “ይህን አንድ ጉዞ መብራት የሚይዝልኝ ሰው አምጪና ይቅርልሽ” አላቸው። ሰው ከየት ይምጣ? ወንዱ ሁሉ በየጀልባው ተይዟል።

ጀልባው በሚነሣበት ቀን ባሌን ልሸኝ ወደብ ወረድኩ። አማቴ የእሱን የዝናብ ካፖርት ለብሰው፣ እጅጌው እስከ ጉልበታቸው ወርዶ፣ ጀልባው ላይ ቁጭ ብለዋል።

“እማማ! ምን ነካዎት? ይውረዱ እንጂ!”

“ዝም በይ! ሰው አምጪ አለኝ፤ እኔ ሰው አይደለሁም?”

ካፒቴኑ አቀርቅሮ ገመድ ይፈታል። ባሌ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። ጀልባው ራቅ ሲል አማቴ ብድግ ብለው ወደቡ በሙሉ እስኪሰማ ጮኹ።

“እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዓሣ ስጠብቅ፣ እናንተ እንቅልፋችሁን ስትለጥጡ ብታድሩ ወየውላችሁ!”

ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ወላጅ እናቴን እንኳ እንደዚያ ወድጄ ሸኝቼ አላውቅም። ጀልባው ከዓይኔ እስኪጠፋ እጄን አላወረድኩም።