አራት እግር ካናቢስ

ቀመሪያ ሦስተኛውን ተክል ከግንዱ ቆርጣ ገና ሳታሳርፈው የደጁ ደወል ጮኸ። መቀሱን ልታስቀምጥ ብትል ከጣቷ አልላቀቅ አላት። የአበባው ሙጫ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከያዘ በዘይት ካልሆነ በሳሙና አይለቅም።

"ክፍት ነው!" አለች።

የገባው የባሏ ታላቅ ወንድም ኑረዲን ነው፤ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያለው። ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ አየሩን አሸተተ።

"ያ አላህ! ቀመሪያ፣ ዛሬ? ሰዎቹ ዙህር ሰግደው ለወንድሜ ዱዓ ሊያደርጉ ሊመጡ?"

"የደረሰው ዛሬ ነዋ፣ ጋሼ። ነገ እኔ አውቶቡስ ላይ ነኝ።"

ሳምንቱን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ትውላለች፤ እጇ የሚፈታው እሑድ ነው። ጠዋት በባሏ በጁነይድ አጉሊ መነጽር ስታያቸው፣ ባለፈው ሳምንት እንደ ብርጭቆ የጠሩት የአበባው ጥቃቅን ጠብታዎች ወተት መስለዋል፤ ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ ካለፈ ያደነዝዘዋል። እሷ የምትፈልገው ባሏ እንዲበላ እንጂ ሲያንቀላፋ እንዲውል አይደለም።

ጁነይድ ለካንሰሩ ኬሞ ከጀመረ ወዲህ የምግብ ሽታ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ከሱቅ የገዙለት ካናቢስ ራሱን አዞረው። ይሄኛው ዘር ግን ተስማማው። ቀመሪያ ለዘብ ባለ እሳት ከቅቤ ጋር አብስላ ገንፎው ላይ ጠብ ስታደርግለት፣ ቆይቶ እሱው ራሱ "የሚቀመስ አለ?" ይላል። ሐኪሙ ያውቃል። የሚኖሩበት አገር ሕግ ለአንድ ቤት አራት እግር ፈቅዷል፤ እሷም አራት እግር ተከለች። የመጀመሪያው ዙር እርጥበት በዝቶበት ሻግቶ ተጥሏል፤ ያን ጊዜ ጁነይድ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቶ ነበር። አሁን ደግሞ የቅቤው ብልቃጥ ታቹ ይታያል፣ ቀጣዩ ኬሞም ደርሷል።

ኑረዲን የኋለኛውን ክፍል በር ገፋ። ጥግ ላይ ጥቁሩ የተክል ድንኳን አንድ ተክል ቀርቶት ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ ካፖርት ከሚከመርበት አልጋ በላይ በተወጠረ ገመድ፣ የተቆረጡት ቅርንጫፎች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። የማራገቢያው ነፋስ ቀስ አድርጎ ያወዛውዛቸዋል።

"ጋራዥ ውሰጂው።"

"ጋራዡ እርጥብ ነው፣ ይሻግታል።"

"ይሻግታ! ሰው ለዱዓ መጥቼ ሃሺሽ ቤት ገባሁ ይበል? ቤት ውስጥ ድንኳን ተክለሽ!"

"የተከልኩት ለለቅሶ አይደለም። ለቅሶ እንዳይመጣ ነው።"

"እንግዲያው ወንድሜን ቤቴ እወስደዋለሁ።"

"መውሰዱን ውሰደው። ማብላቱን ትችልበታለህ?"

ኑረዲን ወደ ኩሽና ገባ። ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ይዞ ተመለሰና አንዱን ቅርንጫፍ ከገመዱ ሳበ። ቀመሪያ የእጁን አንጓ ያዘች። ሙጫ የለበሱት ጣቶቿ እጅጌው ላይ ተጣበቁ።

"ጋሼ ኑረዲን፣ አከብርሃለሁ። ይሄን ግን ልቀቅ።"

"ሱሰኛ ልታደርጊው ነው።"

"እኔ የተከልኩትን መንግሥት ያውቀዋል። በሻንጣ የሚመጣልህን ጫት ማን ያውቀዋል?"

ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ የለበሰው ጁነይድ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪለቀው ጠብቆ፣

"አገኘችህ፣ ኑሬ!" አለ። "እኔ በዚህ የጨመርኩት ገንፎ ነው። አንተ ቅመህ ከወሬ ሌላ የጨመርከው ነገር አለ?"

"ጁኔ፣ ቀልድ አይደለም። ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ 'መንምኗል፣ አይተርፍም' ሲል ከረመ። አሁን ደግሞ ሌላ ይበል።"

ኑረዲን ላስቲኩን እንደያዘ ቆመ። ቅርንጫፉን ግን ለቀቀው። ቀመሪያ መልሳ ገመዱ ላይ ሰቀለችው፤ ከጎኑ ካለው እንዳይነካካም ትንሽ አራቀችው።

ደወሉ እንደገና ጮኸ። ኑረዲን ፈጠን ብሎ ቀመሪያን ከክፍሉ አስወጣና በሩን ዘግቶ በጀርባው ተደገፈው።

"በአላህ፣ ቀመርዬ" አለ በሹክሹክታ። "ካፖርታቸውን ሳሎን ወንበር ላይ አድርጊው። ዛሬን ብቻ።"

ቀመሪያ ሄዳ ስትከፍት ደጁ ላይ እትዬ ዛህራ ቆመዋል፤ የታመመ ሲጠየቅ ከሁሉ የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች አሉ። ትከሻቸው ሁሉ በረዶ ለብሷል።

"አሰላሙ አለይኩም! በሽተኛችን እንዴት ሰነበተ?" አሉና አፍንጫቸውን ሰበሰቡ። "ምንድን ነው እሱ የሚሸተው፣ ልጄ?"

ኑረዲን ከኮሪደሩ ጫፍ፣ እንዳትናገር፣ ራሱን ነቀነቀባት። ከሳሎን የጁነይድ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ተሰማ።

"ወአለይኩም ሰላም፣ እትዬ። ይግቡ፣ ካፖርትዎን እንደ ሁልጊዜው ኋላ ክፍል ያድርጉት።"

ሄዳ በኑረዲን ወገብ አጠገብ እጇን አሳልፋ የበሩን እጀታ አዞረች። ኑረዲን ፈቀቅ አለ።

"በረዶውን ግን እዚያው በደንብ ያራግፉት" አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። "ውስጥ የጁነይድ መድኃኒት እየደረቀ ነው፤ እርጥበት አይወድም።"