የኪንሲ ገንዘብ ገበያ ወጣ

አጎቴ ሽርዶንን መኪና ይግዛልኝ ብዬ ይዤው የሄድኩት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ሐርጌሳ ውስጥ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ የሚጠራው እሱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የከብት ገበያው ደላላ ነበር። ሽርዶን የነካው ፍየል የግመል ዋጋ ያወጣል ይባላል።

እኔ ኪንሲ የግመል ወተት ነጋዴ ነኝ። ወተቱ ከገጠር የሚመጣልኝ በኪራይ መኪና ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ጫት ያየበት ቦታ ሁሉ ይቆማል። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ኮምጥጦ ደረሰ። ትኩስ የለመዱ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤቴ ድንኳን ሲሻገሩ ቆሜ አየሁ፤ ቆሽቴ አረረ። የራሴ መኪና ካልገዛሁ በሚቀጥለው ወር ደንበኛ የሚባል አይኖረኝም። ያለኝ ደግሞ ስልኬ ላይ የተቀመጠ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ነው። አንዲት ዶላር የምጨምርበት የለኝም።

መኪናዋን ያገኘኋት ዋርፋ የሚባል ነጋዴ ግቢ ነው። ከዱባይ የመጣች፣ ኋላዋ ሰፊ፣ ነጭ ቶዮታ። አምስት ሺህ ጠራባት፤ ከሰዓት በኋላ ካለው የአሱር ሰላት ቀጥሎ ሌላ ገዢ ከቡርኦ ከተማ እየመጣ ነው ብሎም አስፈራራኝ። ዋርፋ መኪና ሻጭ ከመሆኑ በፊት ሃያ ዓመት በግ እየገዛ በመርከብ የሚልክ ነጋዴ ነበርና ሰው ፊት ዋጋ በአፉ አይከራከርም። እንደ በግ ገበያው በፎጣ ስር፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው፤ ጣት ሲጨበጥ ሺህ፣ አንጓ ሲነካ መቶ። እዚያ ፎጣ ስር ደግሞ የሴት እጅ አይገባም። አጎቴን ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ከአራት ሺህ አምስት መቶ እንዳታልፍ አልኩት። አንቺ ነሽ ገበያ የምታስተምሪኝ ብሎ ተቆጣ።

ግቢው ስንደርስ መኪናዋን ዞራት፣ ጎማዋን ረገጠ፣ ጎኗን መታ መታ አደረገ። ጥርሷን ሊያይ ነው መሰለኝ ሞተሯን አስከፈተ። ከዚያ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ዋርፋ እጅ ላይ ጣለና ገቡበት። ሁለቱም ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ከፎጣው ስር ግን እጅ ይታገላል። እኔ ዓይኔን ከዋርፋ ፊት አልነቀልኩም። ዋጋ የሚወርድበት ሻጭ ይነጫነጫል፣ ልጆቼን አስራብካቸው ይላል። ይሄ ሰውዬ ግን ፈገግ አለ። ቆየት ብሎ ጥርሱ በሙሉ ታየ።

አጎቴ ላቡን እየጠረገ መጣና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"በአምስት ሺህ ነበር የጀመረው" አለኝ በኩራት። "ታግዬ ታግዬ አምስት ሺህ ስምንት መቶ አደረስኩት።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው የገባኝ። ለካ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለሻጭ እንጂ ለገዢ ቆሞ አያውቅም! እጁ ፎጣ ስር ከገባ ዋጋ ማውጣት እንጂ ማውረድ አይችልበትም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? የእሱ ልማድ የሰረቀው እኔን ነው።

ዋርፋ ቸኩሏል፣ በሉ እንግዲህ ይባረክ በሉ ይላል። ባለገንዘቡ "ይባረክ" ካላለ ግዢ አይጸናምና ከንፈሬን ገጥሜ ያዝኩ። አጎቴን ወደ ጥግ ጎትቼ ያልተናገርኩት የለም። እሱ አንገቱን ደፍቶ እጄ ነው እኮ ይላል። የገዛ እጁን እንደ ሰው እጅ አገላብጦ ያየዋል። አናደደኝም፣ አሳዘነኝም። ሰላቱ ሊደርስ ጥቂት ቀርቷል።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ስልኬን አውጥቼ ገንዘቡን አሳየሁት።

"አብቲ" አልኩት፣ አጎት ስንለማመጥ እንደምንጠራው። "መኪናውን ተወው። እኔ ይህን ገንዘብ ልሸጥ ነው የመጣሁት። ሽጥልኝ።"

ቀና አለ። ስልኩን ተቀብሎ አገላበጠው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው።

"ጤነኛ ነው?"

"አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።"

"በምን ልሽጠው?"

"በዚያች ነጭ መኪና።"

"በባዶዋ?" አለኝ ተቆጥቶ። "ይህን የመሰለ ገንዘብ?"

ወደ ዋርፋ ሲመለስ አረማመዱ ሌላ ነበር። የእህቴ ልጅ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ለገበያ አውጥታለች፣ ፈላጊው ብዙ ነው፣ ላንተ ግን አስቀድሜ ላሳይህ አለው። ዋርፋ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ነገር ግን ፎጣው እጁ ላይ አርፎ ሽርዶን ጨበጥ ሲያደርገው፣ ያ ሃያ ዓመት በግ ሲገዛ የኖረ ሰው ግንባሩን ቋጠረ። ገንዘቡ ከስቷል ብሎ ሲያጣጥል በጆሮዬ ሰማሁ። አጎቴ ቦረማ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ጥሎት ሄደ፤ ዋርፋ ሁለት ጊዜ ሮጦ መለሰው። መኪናዋን ብቻዋን ሰጠ፤ አይሆንም ተባለ። ትርፍ ጎማ ጨመረ፣ ነዳጅ ሞላ። ለጎማና ለነዳጅ የሚሆን ጣት ስላልተሠራ ይህን የሚከራከሩት በአፋቸው ነበር፤ እጃቸውን ግን ከፎጣው ስር አላወጡም። በመጨረሻ ዋርፋ የሚቀመጥበትን የፕላስቲክ ወንበር ሲመርቅ አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ይባረክ" አልኩ።

ገንዘቡን ወደ ዋርፋ ስልክ አሻገርኩት። እሱም በርካሽ ገዛሁ ብሎ ፊቱ በራ። አጎቴ የገዛኸው አንተ ነህ ብሎ ሃያ ዶላር የደላላ ጠየቀው፤ ከፈለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወተቴን ትኩስ እንዳለ ገበያ አስገባሁ። ምን እደብቃለሁ፣ መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። አጎቴ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ወንበሩን ጭኑ ላይ አቅፎ ፊቱን አጥቁሯል። አላህ ይስጥህ፣ ከጉድ አወጣኸኝ አልኩት።

"ተዪኝ ባክሽ" አለኝ። "በርካሽ ነው ያስወሰድነው። እስከ ሐሙስ ብንታገሥ ያ ገንዘብ ሁለት መኪና ያወጣ ነበር።"