የሶፋ ሰሪው መንጋጋ

ሶፋ ሰሪው ሥራ ላይ ሳለ አፉን ከፍቶ ተናግሮ አያውቅም። ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ስለሚመታ፣ ንግግሩ ሁሉ በጥርሶቹ መሃል ተጨምቆ የሚወጣ ነው። አጠገቡ ተቀምጣ የሶፋውን ልባስ የምትሰፋው ሚስቱ ያን ማጉረምረም በሃያ ዓመት ውስጥ እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ደንበኛ ግራ ሲገባው የምትተረጉመው እሷ ነች። "ነገ ይደርሳል ነው የሚለው" ትላለች፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ "በሚቀጥለው ሳምንት" ነው ያለው።

ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት "አንገቴን ያዘኝ" ብሎ ሲያጉተመትም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ምሳውን ሳይነካ መለሰው። ውሃ ስትሰጠውም በከንፈሩ ዳር ፈሰሰ።

"ምነው? ኩርፊያ ነው?" አለችው።

"አ...ይደለም" አለ በጥርሱ።

"እንግዲያ ሚስማሩን ትፋና እንደ ሰው አውራኛ!"

መዳፉን ዘረጋላት። ሚስማሮቹ በሙሉ እጁ ላይ ነበሩ። አፉ ውስጥ ምንም የለም። ቀና ብላ ስታየው ፈገግ ያለ ይመስላል፤ ዓይኖቹ ግን በፍርሃት ፈጠዋል። ሴትዮዋ ክው አለች። ሱቁን እንኳ ሳትዘጋ ደግፋው ወጣች።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ቁስል እንዳለው ጠየቀች። ሚስቱ "የለውም" ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ ትዝ አላት። ከዘጠኝ ቀን በፊት ያረጀ ሶፋ ሲያፈርሱ የዛገ ሚስማር ተረከዙን ወግቶት ነበር። እነሱ ቤት ደግሞ ቁስል የሚታከመው በእንጨት ኮላ ነው፤ ደሙን ጠረግ፣ ኮላውን ቀባ፣ ወደ ሥራ! ኮላውን ያቀበለችውም ራሷ ነበረች።

"መንጋጋ ቆልፍ ነው" አለች ሐኪሟ። "አምጪው ባክቴሪያ አየር አይወድም። እናንተ በኮላ በሩን ዘጋችሁለት። እሱ ከቁስሉ ብዙም አይርቅም፤ የሚልከው መርዙን ነው። መርዙ በነርቭ በኩል ሄዶ ጡንቻን 'በቃ፣ ላላ' የሚለውን መልእክት ያፍነዋል። ያኔ ጡንቻው መኮማተር ብቻ ይሆናል ሥራው።"

"ታዲያ መርዙን አውጡለታ!"

"ነርቭ ውስጥ የገባውን ማውጣት አንችልም። ነርቩ ራሱ ቀስ ብሎ እስኪያገግም መጠበቅ ነው። ገና ያልገባውን ግን በዚህ እንይዘዋለን።" አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አነሳች። "ነገ ብትመጡ ኖሮ ትንፋሹን ይይዘው ነበር።"

ቁስሉን ከፍተው አጠቡለት። የብልቃጡን መድኃኒት ወጉት። ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ለጠላትም አይስጥ። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ድምፅ የማይሰማበት ነበር፤ ማንኪያ እንኳ ከወደቀ የባሏ ጀርባ እንደ ደጋን ይለመጣል። ዝም በይ ቢሏት የማትሰማው ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ እየገባች፣ ትንፋሹን እየቆጠረች ተቀመጠች። ኮላውን ያቀበለውን እጇን ማየት አስጠላት።

በሃያ ሁለተኛው ቀን አፉን ከፍቶ "ውሃ" አላት፣ ጥርት አድርጎ። ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለባት።

ሊወጡ ሲሉ ሐኪሟ ሁለቱንም ከተበቻቸው። እሱንም ጭምር፣ ምክንያቱም ይህ በሽታ አንዴ መያዙ ለሌላ ጊዜ አያድንም።

"ያቺ ብልቃጥ ከየት መጣች?" አለች ሚስቱ። "ማንን ላመስግን?"

"ከተከተቡ ሰዎች ደም ነው የምትዘጋጀው። የብዙ ሰው ደም ነው። ማን ማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም።"

ወደ ቤት የሚመልሳቸው አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። ሴትዮዋ የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ ቃኘች። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ባሏ ሲንገዳገድ አይተው ከወንበራቸው ተነሱለት።

"እግዜር ይስጥልኝ አባቴ! ዕድሜ ይስጥልኝ!" አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ኧረ ልጄ፣ ለአንድ ወንበር እንዲህ ይለቀሳል?"

"ለወንበሩ አይደለም። ሌላ ትልቅ ውለታ አለብኝ፤ የዋለልኝን ሰው ግን አላውቀውም። እርስዎ ይቀበሉልኝ።"

ሽማግሌው ምንም አልገባቸውም። ፊቷን ትንሽ ካዩ በኋላ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እሺ ልጄ" አሏት። "ተቀብያለሁ።"