የበርሜሎቹ መርዶ

በሰሙ ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ የአባቷ ነው። ኦታቪያ ቢላዋውን ከበርሜሉ ውታፍ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ቀረች። ቀዩ ሰም በአሥር ዓመት አቧራ ጠቁሯል፤ አሻራው ግን ዛሬ ጠዋት የተጫነ ይመስል መስመር በመስመር ይታያል። የወይን መግረዣ መቀስ የተወበት ጠባሳ እንኳ አልጠፋም።

«ትጸልዪበታለሽ ወይስ ትከፍቺዋለሽ?» አለ ወንድሟ ሩጄሮ ከኋላዋ።

«ቀስ በል፤ ምን ያጣድፍሃል?»

«እኔን ምን ያጣድፈኛል? አናጢው ነው የተጣደፈው።»

ቀልዱ እውነት ነበረበት። ሁለቱ ከገና በኋላ ተስማምተዋል። በሰሞነ ሕማማት ሰኞ ሰባቱ በርሜሎች ይከፈታሉ። ወይኑ ደህና ከወጣ ኦታቪያ እንደ አባቷ ትቀጥላለች። ተበላሽቶ ከተገኘ ግን ይህ የቆሙበት ቆጥ ተጠርጎ በአናጢ የእንግዳ መኝታ ይሆናል፤ ጣፋጩም ወይን ከእንግዲህ ምድር ቤት፣ በብረት ታንከር፣ ከፓኬት በሚፈታ እርሾ ይጠመቃል። እጅ ለእጅ ተጨባብጠውበታል።

የብራንዳሊ ቤት ጣፋጭ ወይን፣ ቪን ሳንቶ፣ ምድር ቤት አያውቅም። የወይኑ ዘለላ በሸምበቆ ርብራብ ላይ ተዘርግቶ ዘቢብ እስኪመስል ይጠወልጋል፤ ይጨመቃል፤ ከዚያ ጣራ ሥር ባለው ቆጥ፣ በትንንሽ የእንጨት በርሜሎች ታሽጎ ይተዋል። ሐሩሩ ያቃጥለዋል፣ ውርጩ ያንዘፈዝፈዋል፤ የሚበስለው እንዲያ ነው። በየዓመቱም በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ትንሽ ትንሽ እየተነነ ይጎድላል። የጎደለው የሙታን ድርሻ ነው ይባላል በዚያ ቤት፤ ተቆጭቶበት የሚያውቅ የለም።

ከበርሜሉ ታች እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ዝቃጭ ይቀራል። ሌላው ሰው አተላ ይለዋል፤ እነሱ እናት ይሏታል። አዲሱ ጭማቂ የሚቦካው በእሷ ነው። ከበርሜል ወደ በርሜል ስትገለበጥ አምስት ትውልድ ተሻግራለች። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ቤቱን ሲይዙት፣ ቅድመ አያታቸው በወተት ማሰሮ ከአሳማዎቹ ጋጣ ሥር ቀብራ አትርፋታለች። እሷ ከሞተች የምትተካ ሌላ የለችም።

ኦታቪያ ሰሙን ቆረጠች። ውታፉን በእንጨት መዶሻ ከግራና ከቀኝ መታ መታ አድርጋ ነቀለችው።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ሽታው ነው፤ የተጠበሰ ለውዝ፣ የደረቀ በለስ፣ የከረረ ማር። አሁን የሸተታት ግን አዲስ የተጨመቀ ወይን ነበር። ወዲያው የእጅ አንጓዋን አንድ ነገር ቀዘቀዛት። በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።

«አባባ እኮ አንድ ስንዝር አጉድሎ ነው የሚያሽገው» አለች። «አሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ ግማሽ መሆን ነበረበት።»

«ጣራው አፍስሶ ውሃ ገብቶበት ይሆናላ።»

«በሰሙ አልፎ?»

በመስታወት ቱቦ ቀድታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ድፍርስ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ። ቀመሰችው። አሥር ዓመት ያለፈበት ነገር አልነበረም። ጭማቂው ገና ከመጭመቂያው ሲወርድ አባቷ በቆርቆሮ ኩባያ የሰጣት፣ የዚያ ጠዋት ጣዕም ነበር።

ሩጄሮም ቀመሰ። መሳቅ ጀምሮ ተወው።

«ቅንጣት አልቦካም። ማር እንኳ አሥር ዓመት ሲቀመጥ ይለወጣል እኮ።»

ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር። ሦስተኛውም። ሩጄሮ ረጅሙን ዘንግ ወደ ታች ሰድዶ ሲያወጣው፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈችው እናት እንደ አመድ ግራጫ ነበረች፤ ሽታ እንኳ አልነበራትም።

«ሞታለች» አለ። ድምፁ ውስጥ የማሸነፍ ደስታ አልነበረም። «ከልቤ አዝናለሁ፣ ኦታቪያ።»

ያኔ ከታች፣ ከወጥ ቤት፣ የአክስታቸው ድምፅ ወጣ።

«አዴልሞ! እዚያ ላይ መንጎራደድህን አትተውም? ራሴን አዞርከው እኮ!»

ወንድምና እህት ተያዩ። አዴልሞ አባታቸው ነው፤ ከሞተ አምስተኛ ወሩ። ሁለቱም ደግሞ ከቆሙበት አልተነቃነቁም ነበር።

አዴልሞ የሞተው በኅዳር፣ ሲዬና ከተማ ሆስፒታል ነው። ከዚያው ወደ መቃብር ሄደ፤ ቤት አልተመለሰም። እህቱ አክስት አርጂያ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ስለሆነ ሐኪሙ ልባቸው መርዶ አይችልም አለ። «አባባ ሲዬና ነው፤ ሳንባው እስኪሻለው አይለቁትም» አለቻቸው ኦታቪያ። ለአንድ ሳምንት ብላ የጀመረችው ነበር። በኋላ ግን ውሸቱ ለእሷም ተመቻት። በቀብሩ ላይ እንኳ «አባቴ ሞተ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። የካቲት ላይ አንድ ጠዋት እሷም ኮቴውን ከጣራ ሥር ሰምታ ነበር፤ የግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ኮቴ። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ፈገግ ብላ ተኛች እንጂ ተነስታ አላየችም። ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ደረጃውን ወረደች። አክስት አርጂያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«ስንት ከፈታችሁ?»

«ሦስት።»

«ሞልተዋል፣ አይደል?»

ኦታቪያ የወንበር ጀርባ ያዘች። «ማን ነገረዎት?»

«መቼ አንኳኳችሁና! እናቴ ስትሞት ሬሳዋ ከደጅ ሳይወጣ ቆጥ ወጥቼ በርሜሎቹን አንድ በአንድ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። አባቴም ሲሞት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ታንኳኪያለሽ፣ ስሙን ትጠሪያለሽ፣ ሄዷል አትጠብቁት ትያለሽ። መርዶ ያልተነገረው በርሜል ያሸገውን ሰው ይጠብቃላ። ምን ያድርግ? ቆሞ ይጠብቃል።»

«አክስቴ፣ አባባ ሲዬና…»

«ሲዬና ሲዬና ስትዪኝ ከረምሽ። ሲዬና ስልክ ተነቀለ እንዴ? አሮጊት ነኝ እንጂ በግ አይደለሁም።» አንዲት ባቄላ ከቅርፊቷ አውጥተው አዩዋት። «እኔማ በገና ዋዜማ አውቄያለሁ። ያላወቀው እሱ ነው።»

ከላይ ጣውላው አንዴ ሲጥ አለ። ሩጄሮ ነው፣ አለች ኦታቪያ በልቧ። ሩጄሮ ግን ፊቱ ነጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ተከትሏት ወርዷል።

«እንግዲያው ይንገሩት» አለች በሹክሹክታ።

«መቼ ሳልነግረው ቀረሁ! 'አርጂያ ጃጅተሻል' ይለኛል። 'ልጄ ሲዬና ነው ብላለች፤ ደህና እሆናለሁ፤ በሕማማት መጥቼ እከፍታለሁ' ይላል።» አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አይናቸውን አነሱ። «የሚያምነው የአንቺን ቃል ነው፣ የኔ ልጅ።»

ሩጄሮ አክስቱን አዝሎ ደረጃውን ወጣ። ፍርሃቱን በቀልድ ሊሸፍን ሞከረ።

«ከአንድ ቅርጫት ወይን ይቀልላሉ እኮ፣ አክስቴ።»

«አንተም በቅሎ መሆንህን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ጭንቅላቴን ከጣራው እንዳታጋጨኝ።»

የሸምበቆው ርብራብ ጠርዝ ላይ አስቀመጣቸው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ብርሃኑ በጠባቧ መስኮት ገብቶ አቧራው ላይ ተጋድሟል። አቧራው ላይ ከእሷና ከሩጄሮ ሌላ የማንም ዱካ የለም። ይህ ግን ኦታቪያን አላጽናናትም።

መዶሻውን አነሳች፤ እጀታው በአባቷ መዳፍ ልክ ሰርጉዷል። ሁሉ ነገር ግልጽ ሆኖላት ነበር። ዝም ካለች እናቲቱ እንደሞተች ትቀራለች፤ አምስት ትውልድ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ኮቴው ግን ይቆያል። በእንግዳ መኝታዎቹ መካከል እንኳ ቢሆን በየጠዋቱ ሲመላለስ ትሰማዋለች። ከተናገረች…

«እኔ እንድለው ትፈልጊያለሽ?» አለ ሩጄሮ። በሕይወቱ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ አናግሯት አያውቅም።

እምቢ ስትል ራሷን ነቀነቀች። የመጀመሪያውን በርሜል ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ሙሉ ነገር ሲመታ የሚሰጠው የታፈነ ድምፅ ነበር።

«አዴልሞ ብራንዳሊ» አለች። «አባባ… ዋሽቼሃለሁ። ሲዬና የለህም። በኅዳር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እጅህን እንደያዝኩ ሞተሃል።» ወደ በርሜሎቹ ዞረች። «ሄዷል። አትጠብቁት።»

የቀሩትን ስድስቱንም ተራ በተራ አንኳኳች፤ ቃሉንም ደገመችላቸው። በሰባተኛው ላይ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ምንም አልሆነም። ከደጅ አንዲት ርግብ ክንፏን አማታች። ከዚያ ሩጄሮ በእጅ ባትሪው የመጀመሪያውን በርሜል አፍ አበራና «እይ… እይው!» አለ።

ወይኑ እየወረደ ነበር። አፉ ላይ የነበረው አንድ ጣት ጎደለ፣ ስንዝር ጎደለ። በወረደ ቁጥርም ቀለሙ ይለወጣል፤ ከድፍርሱ ቢጫ ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ ማር መሳይ ቡናማ፣ ወደ አምበር ተሸጋገረ። የተጠበሰው ለውዝና የደረቀው በለስ ሽታ ከሰባቱም በርሜሎች በአንድ ጊዜ ተነስቶ ቆጡን ሞላው፤ አራቱ ገና እንደታሸጉ ነበሩ። በእንጨቱ ውስጥ የተጠማ ሰው ሲጎነጭ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አለ።

«ድፈኚው!» ሩጄሮ ክንዷን ያዘ። «ሙልጭ አድርጎ ሊጨርሰው ነው! ኦታቪያ፣ ውታፉን!»

ውታፉ እጇ ላይ ነበር። ወይኑ ግማሹን አለፈ።

«ተዪው ይጠጣ» አሉ አክስት አርጂያ። «የአሥር ዓመት ድርሻውን ነው። የልጁን ድርሻ ነክቶ አያውቅም።»

ኦታቪያ ውታፉን እንደያዘች ጎንበስ አለች። አንድ ሦስተኛ ሲቀረው መውረዱ ዘገየ። ቆመ። ከጥልቁ፣ በጠራው አምበር ሥር፣ እናቲቱ ጥቁርና የምታብረቀርቅ ሆና ተጋድማ ነበር። ከላይዋ አንዲት አረፋ ተላቀቀች፤ ሳትቸኩል ወደ ላይ ወጥታ ፈነዳች።

ያኔ ከቆጡ ጥግ ኮቴው ተነሳ፤ ግራው ትንሽ የሚጎትት። በሦስቱ መካከል አለፈ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ፤ ወጥ ቤቱን አቋርጦ ወደ ደጁ ሄደ፤ ሬሳው ወዳልወጣበት በር። መወርወሪያው ሲሳብ ተሰማ። ቀዝቃዛ የመጋቢት ነፋስ እስከ ቆጡ ድረስ ወጣ።

ኦታቪያ ውታፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ በሩ ሲዘጋ ለመስማት ትንፋሿን ዋጠች።