የጤነኛ ጉልበት ቅባት

ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል ቢባል ማን ያምናል? ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለት ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ሽቅብ ሲያወጣ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ለራሱ የደረሰው ደረጃ ሆነ።

ደረጃው ላይ የሚያርፉት ታዲያ በሚስቱ ጉልበት ሰበብ ነው። አንድ ፎቅ በጨረሱ ቁጥር «ወይ ጉልበቴን» ትልና መደገፊያውን ይዛ ትቆማለች። እሱም «አይዞሽ፣ ቀስ በይ፣ ማን አሯሯጠን» እያለ ይጠብቃታል፤ እግረ መንገዱንም ግንባሩን ይጠርጋል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። ማታ ማታ ደግሞ ቅባት አሙቆ ጉልበቶቿን ያሽላታል። በብረትና በግራሶ የሻከረ እጅ እንዲያ መለስለስ መቻሉ ይገርማታል።

ጉልበቷን ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም። ዓምና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረቱን ይዞ ሲቆም አየችው። ማየቷን ሲያውቅ ጎንበስ ብሎ የመደገፊያውን ብሎን መነካካት ጀመረ። «ላልቷል» አላት። ብሎኑ አልላላም ነበር። ይሄ ሰው አመመኝ ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል፤ ጠባዩን ታውቀዋለች። ስለዚህ ሕመሙን እሷ ወሰደችለት።

ሰሞኑን ግን ፎቁን ሳይጨርሱ፣ መሃል ላይ መቆም ጀመሩ። «ቃር ነው» ሲላት፣ «እንግዲያው የቃር መድኃኒት እናምጣ» ብላ አባብላ የልብ ሐኪም ዘንድ አደረሰችው።

ዶክተሯ ወጣት ናት። አስተኝታ፣ ደረቱ ላይ ሽቦ አስለጥፋ የልቡን ምት ንድፍ በማሽን አስነሣች። ከማሽኑ የወጣውን ረጅም ወረቀት ዘርግታ አየችው።

«ንድፉ ጥሩ ነው፣ አባባ። ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ይይዝዎታል?»

«እኔን? ኧረ ደህና ነኝ። ደረጃ የሚያስቸግራት እሷን ነው፤ ጉልበቷ ነው።»

«ሲሠሩ፣ ፈጠን ብለው ሲራመዱስ?»

«ምንም።»

ዶክተሯ የቃር መድኃኒት ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሣች። ሚስትየዋ ከወንበሯ ወደ ፊት ተጠጋች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሚስቱ የደበቀችለትስ? ዝም ብትል ባሏን ከነክብሩ ከነበሽታው ይዛው ቤት ልትገባ ነው። ብትናገር ደግሞ ዓመት ሙሉ የሸፈነችለትን ገመና በሰው ፊት ልትገልጥበት ነው።

«ዶክተር፣ እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም» አለች።

ባሏ ቀና አለ።

«የምቆመው እሱ እንዲያርፍ ነው። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይይዘዋል። ሲያርፍ ይተወዋል።»

እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ተመለሰ። ዶክተሯ፣ ተኝቶ የተነሣ ንድፍ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ልቡ ደክሞ መታየት እንዳለበት አስረዳች። በመራመጃ ማሽን ላይ ይሄዳል፤ ሲደክመው ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ ልዩ ካሜራ ደግሞ ደሙ የልቡ ጡንቻ ውስጥ የት የት እንደደረሰ ያነሣል። ካረፈ በኋላም ሌላ ፎቶ አለ። ባልየው ሁሉንም በጥሞና ሰማ። ሚስቱን ግን አላያትም።

በቀጠሮው ቀን ጠዋትም እንደተኮራረፉ ነበሩ። «ሻይ አልጠጣህም አይደል? ከልክለውሃል» ስትለው፣ «እሱን ለዶክተሯ ንገሪያት» ብሏት ቀደማት። ባሏን ላድን ስትል ባሏን ያጣች መሰላት።

ሆስፒታል ሲደርሱ አንዲት ነርስ መራመጃ ማሽኑ ላይ አወጣችው። ማሽኑ ሽቅብ ዘንበል ሲል ፊቱ ተለወጠ። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። ከዚያ ሳያስበው ዞሮ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሚስቱን በዓይኑ ፈለገ። ይጠብቃት ነበር።

«ወይ ጉልበቴን» አለች ቀስ ብላ።

ነርሷ ግራ ገብቷት አየቻት። መድኃኒቱን ሰጥታ፣ ጥቂት አራምዳው ማሽኑን አቆመች።

ፎቶዎቹ ሲደርሱ ዶክተሯ ጎን ለጎን አሳየቻቸው። አርፎ የተነሣው ሙሉ ቀለበት ነው። ደክሞ የተነሣው ግን ከታች በኩል ጠቁሯል።

«ጡንቻው አልሞተም። ደም የሚያመጣለት ሥር ጠቦ ነው፤ ሲሠራ አይበቃውም። መድኃኒት ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ሥሩን እናስከፍታለን። ሳይብስ ደርሳችኋል።»

«ባዶ ሊፍት ሁሌም ደህና ነው» አለ ባልየው ፎቶውን እያየ። «ሰው ሲጫንበት ነው ጉዱ የሚወጣው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አንደኛው ፎቅ ላይ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ምን ትበል? ሰበቡን በገዛ አፏ አፍርሳዋለች። እሱ ግን ቆመ።

«ደረቴን ያዘኝ» አለ።

በትዳራቸው ዘመን አመመኝ ሲል ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጠና አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት። ጎረቤት ሰላም ብሏቸው ሲያልፍ እንኳ አልተነሣም፤ ብሎንም አልነካካም።

ማታ ቅባቱን አሙቆ መጣ።

«ጉልበትሽን አምጪ።»

«ደህና ነው እኮ። ስናገር ሰምተሃል።»

«እሱን ለዶክተሯ ንገሪያት» አላትና ማሸት ጀመረ።