መስቀል የተቀረጸበት ሌፕ

ኩስታስ ጥፋቱን ያወቀው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው። በወንዙ በኩል ሆኖ ገዝግዞ ጣለው፤ ግንዱ ሲንከባለል ግን በመንገዱ በኩል የነበረው መስቀል ብቅ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የወንድሙ የኤልማር አስከሬን ወደ መቃብር ሲሄድ በገዛ ቢላዋው የቀረጸው እሱ ራሱ ነው። ለእንዲህ ያለው መስቀል ጥድ ይመረጣል፤ በዚያ መንገድ ዳር ግን ወንዝ ዳር ከሚበቅለው ከሌፕ በቀር ሌላ ዛፍ አልነበረም። ሟቹ ወደ ቤቱ ልመለስ ቢል መስቀሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እንዲህ ያለ ዛፍ አይቆረጥም፤ እንጨቱም እሳት ውስጥ አይገባም።

ያኔ ትቶት ቢሄድ ምን ነበረበት? ግን በጨው የከረመው የአሳማ ጭን በእንጨት ጢስ በሚሞቀው መታጠቢያ ጎጆ፣ በሳውናው ውስጥ ተሰቅሎ ይጠብቃል፤ ለሥጋ ደግሞ የሌፕን ጢስ የሚያህል የለም። ኩስታስ ሌላ ዛፍ ፍለጋ መውጣት ታከተውና ግንዱን ቆራረጠው። ነጩ እንጨት አየር ሲነካው ደም መሰለ። ሽማግሌዎቹ ሌፕ በጥንት አባቶች ቋንቋ ደም ማለት ነበር፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ሲሉ ኩስታስ ሁልጊዜ ይስቅባቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቁ ከየት ይምጣ!

ከተጨሰው ሥጋ ምርጡን ለኤልማር ሚስት ለሄልሚ ወሰደላት። እሷ በጎረሰች ቁጥር እሱ ፊቱን ያዞር ነበር።

እሑድ ጠዋት ሄልሚ በዚያው መንገድ መቃብሩ ጋ ልትሄድ መሆኗን ስትነግረው አፉ ቀደመው።

«ያንን ሌፕ እኮ ቢቨር ጣለው፤ ባለፈው ሳምንት!»

ከዚያ መጥረቢያውን ይዞ በአቋራጭ ሮጠ። ዛፍ ገዝግዞ የሚጥለው የወንዝ አውሬ፣ የቢቨር ጥርስ የበላው እንዲመስል ጉቶውን ዙሪያውን ጠረበው። እሷ ስትደርስ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

ሄልሚ ጎንበስ ብላ አየች። መጋዝ የበላው ቡናማ ሆኗል፤ አዲሱ ጥርብ ግን ገና ነጭ ነው፤ ዓይናቸው እያየ ይቀላል።

«ታታሪ ቢቨር ነው» አለች። «መጀመሪያ በመጋዝ፣ ቀጥሎ በጥርሱ። ይሄንን ደግሞ አሁን ነው የነከሰው። ምነው፣ ቁርሱን አልበላም እንዴ?»

«ሄልሚ፣ እኔ ነኝ። ስቆርጠው መስቀሉን አላየሁትም፤ ኋላ ግን አይቻለሁ። ሥጋውን ያጨስኩት በሱ ነው፤ አንቺንም አበላሁሽ። በይ ስደቢኝ።»

ሄልሚ ጉቶው ላይ ተቀመጠች።

«ለዚህ ነዋ» አለች።

«ምኑ?»

«ሐሙስ ለታ ኤልማር በሕልሜ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። ጭቃ ጫማውን እንዳደረገ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለ። አንተ መስቀሉን ስትቀርጽ እኮ እጅህን ልይዝህ ነበር፤ ሰው አፍሬ ተውኩት።» ፊቷ በርቷል። «እንጨቱ ተርፏል አይደል? አንድ ፍልጥ ስጠኝ፤ ቤቴ ልውሰደው። ሦስት ዓመት ሲመጣ የሚቆመው እሱ ጋ ነበር፤ እንጨቱ ቤቴ ካለ ቤቴ ይመጣል።»

ኩስታስ መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረ።

«የለም» አለ። «እንዳታገኚብኝ ብዬ ትናንት አቃጥዬ ጨረስኩት። መስቀሉ ያለበትንም። አመዱን ወንዝ ውስጥ ደፋሁት።»

ሄልሚ አልሰደበችውም። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ብቻዋን ወደ መቃብሩ ሄደች፤ እሱም ምነው በሰደበችኝ እያለ እዚያው ቆሞ ቀረ።